በድኝ የታጠነው ጋቢ

ብዙ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ፤ ከአሲዶች ሁሉ የምወደው ሰልፈረስ አሲድን ነው። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። አብዛኞቹ ሌሎች አሲዶች የተደላደሉ ናቸው። ሰልፈሪክ አሲድ ጠርሙሱ ውስጥ ዓመት ከዓመት ቁጭ ብሎ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ሰልፈረስን ግን ለብቻው አጣርቶ በብልቃጥ ያኖረው ሰው የለም። ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ አለ፤ ውኃውን አፍልቼ አሲዱን ላስቀር ብለው ሲነሡ ጋዝ ሆኖ ጥሎዎት ይሄዳል፣ የሚቀርዎት ውኃው ብቻ ነው። ክፍቱን ትተውት ከሰነበቱ ደግሞ ከአየሩ ጋር ተስማምቶ ሌላ አሲድ ሆኖ ይጠብቅዎታል። እንዲህ የማይረጋ ፍጥረት ስለሆነ ነው መሰለኝ ወጣት ሳለሁ ልቤን የወሰደው፤ እኔም ያኔ ቁጭ ማለት የማልችል፣ አፌ ከእጄ የሚቀድም፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ሰው ነበርሁ።

ፍኖተ ሰላም ለአስተማሪነት የተመደብሁት ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በቴሌቪዥን የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት ገና አልመጣም፤ ተማሪ የሚያየው አስተማሪው የሚያሳየውን ነው፣ አስተማሪው ደግሞ የሚያሳየው የለውም። ቤተ ሙከራ ተብላ በተሰጠችኝ ክፍል ውስጥ የግማሹን ጠርሙስ ወረቀት ምስጥ በልቶት ምን እንደያዘ አይታወቅም። በአንደኛው ሰፊ ጠርሙስ ግን ቢጫ ዱቄት አገኘሁ፤ ድኝ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ጽሑፍ አያስፈልግም። ጎጃም ውስጥ ድኝን የማያውቅ ሽማግሌ የለም፤ ባሩድ ሲቀምሙበት፣ በቅቤ ለውሰው ለእከክ ሲቀቡት ኖረዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድኙን እጀታዋ በረዘመ የብረት ማንኪያ ላይ አድርጌ አቀጣጥላለሁ፤ ሰማያዊ ነበልባል ያወጣል። ማንኪያዋን ጥቂት ውኃ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ አስገብቼ አፉን በመስታወት እከድናለሁ። ብልቃጡ በጭስ ሲሞላ ማንኪያዋን አወጣና ውኃውን ከጭሱ ጋር እየወዘወዝሁ አዋሕደዋለሁ። ጋዙ ውኃው ውስጥ ይሟሟል፤ ሰልፈረስ አሲድ ተሠራ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ግማሹ ክፍል በሳል ይታመሳል፣ እኔም እያሳልሁ መስኮት አስከፍታለሁ። ከዚያ ቀይ ጽጌረዳ ነክሬ ነጭ አድርጌ ሳወጣላቸው ሳሉ ይረሳና ጭብጨባ ይሆናል።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ያን የነጣ አበባ መስኮቱ ላይ አኖረችው። በማግሥቱ ቀልቶ አገኘችውና አታለውናል ብላ በክፍሉ ሁሉ ፊት ከሰሰችኝ። ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ተማሪ በዓመት አንዴም አይገኝ። አሲዱ ቀለሙን አስሮት ነበር እንጂ አልገደለውም ብዬ አስረዳኋት። ጋዙ ቀስ እያለ ለቅቆ ሲሄድ የታሰረው ቀለም ይፈታል። ሳይፈታ ቀድመው በብዙ ውኃ ካጠቡት ግን ቀለሙ እንደታሰረ ከውኃው ጋር ይሄዳል፣ አይመለስም። ይህን በደብተራችሁ ጻፉት፣ እንዳትረሱት ብዬ አስጠነቀቅኋቸው። ለሌላ ሰው ማስጻፍ ምን ችግር አለው።

የምኖረው በኪራይ ነበር። አከራዬ ሃምሳን የተሻገሩ መበለት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው መምህር ይሉኛል፣ ሲቆጡ ብቻ ልጄ እባላለሁ። ባለቤታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። እትዬ የባላቸውን ሞት ተቀብለውታል፤ አልቀበል ያላቸው የወንድማቸው መቅረት ነው። ከቡሬ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስሄድ ገጠር የሚያርሱ ታላቅ ወንድም አሏቸው፤ ከእሳቸው ሌላ እኅት ወንድም የላቸውም። እኒያ ወንድም ለቀብር አልመጡም። በሣልስቱም፣ በአርባውም አልመጡም። በእኛ አገር የሰደበህን ሰው ትታረቀዋለህ፣ ድንበር የገፋህንም ትታረቀዋለህ፤ ለቅሶ ያልደረሰህን ግን በምን ዓይንህ ታየዋለህ? እትዬ የወንድሜን ደጅ አልረግጥም ብለው ማሉ። ወንድምም ይህ ነው ምክንያቴ ብለው ሳይልኩ ዝም አሉ።

በዚያ ዓመት የሁለቱ የነፍስ አባቶችና የቡሬ ሽማግሎች ተላልከው ነገሩን ጨረሱት። ወንድም በቤታቸው በግ አርደው፣ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ እትዬ ደግሞ ወንድማቸውን ጋቢ ያለብሳሉ። ሽማግሎቹ አንድ ነገር ሁለቱንም አስምለው ከለከሉ፤ ያለፈው አይነሣም፣ ለምን ቀረህ፣ ምን ይዞህ ቀረህ የሚል ጥያቄ የለም። እትዬ ተስማሙ እንጂ አልተዋጠላቸውም። ምክንያቱን ሳልሰማ ልሞት ነው እያሉ ለኔ ያጉረመርሙ ነበር። ጋቢውን በተመለከተ ግን የሚያጉረመርሙት አልነበረም። ለካስ ዕርቅ የሚባል ነገር ሳይታሰብ ጀምሮ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩት ለእኒሁ ወንድማቸው ነው።

ዕርቁ በጥቅምት ወር፣ ለእሑድ ተቆረጠ። ሐሙስ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለክፍል የሚሆን የጽጌረዳ ቀለም አጠልላለሁ። የትምህርት ቤቱ አልኮል ስላለቀ አበባውን የዘፈዘፍሁት በአረቄ ነበር፤ እትዬ ለአረቄው ሳያዝኑ አልቀሩም። ጋቢውን ከሸማኔ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ዘርግተው ሊያሳዩኝ መጡ። ትልቅ ሰው ቆሞ ቁጭ ማለት ነውር ነውና ብድግ አልሁ። እሳቸው ኧረ በእግዜር አይነሡ ሲሉ፣ እኔ ካልተነሣሁ ስል፣ ጉልበቴ ጠረጴዛዋን መታት። ብርጭቆ ሙሉ ቀይ አረቄ አዲሱ ጋቢ ላይ ተገለበጠ።

እትዬ አልጮኹም። ሳሙና አምጥተው ማሸት ጀመሩ፤ ቀዩ እድፍ ዓይናችን እያየ አረንጓዴ ሆነ። ሳሙናውን ይተዉት ብዬ ሎሚ ጨመቅሁበት፤ ተመልሶ ቀላ። ለኔ ይህ የአሲድና የቤዝ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። እሳቸው ግን ጋቢው እንደ እስስት ሲለዋወጥ አይተው አማተቡ፤ ዕርቁን እግዚአብሔር ያልወደደው መሰላቸው። ደግሞም በሽማግሎች ፊት ወንድሟን እድፍ አለበሰችው ከሚባል አለመሄድ ይሻላል። ሌላ ጋቢ ገዝቶ መሄድስ ብላቸው የፈተልሁት ይኼን ነው አሉኝ። ከዚያ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና «እንግዲህ ቀረ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ስለነበር የበለጠ አንጀቴን በላው። ሰባት ዓመት የቆየ ጥል ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው እኔ በጨዋነቴ አበላሸሁት፤ ከልቤ አፈርሁ።

ዓርብ ዕለት ክፍል ገብቼ ጠመኔ ሳነሣ ያ የነጣው ጽጌረዳ ትዝ አለኝ። ያን ሰዓት ምን እንዳስተማርሁ አላውቅም። አንድ ማንኪያ ድኝ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ቤት በረርሁ ማለት ይቻላል።

ለእትዬ አሲድ የሚባል ነገር አላነሣሁባቸውም፤ ጋቢውን እናጥነዋለን ብቻ አልኋቸው። ፊታቸው በራ። ማጠንን ለጎጃም ሴት ማን ያስተምራታል? ጠላ ሲጠምቁ ጋኑን በግራዋ አሽተው በወይራ ያጥኑታል፤ የወተቱም ዕቃ እንዲሁ ይታጠናል። «ይኸማ የኔ ሥራ ነው፤ እርስዎ ዳር ይሁኑልኝ» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት እድፉ ያለበትን ወገን በውኃ አረጠብነው፤ ጋዙ ውኃ ካላገኘ አሲድ አይሆንምና። ትልቅ ቅርጫት ደፍተን ጋቢውን ከላይ አለበስነው። ከሥሩ በገል ፍም አስገብተን ድኙን ቆንጠር እያደረግን ጣልንበት። ዶሮዎቹ ግቢውን ለቅቀው ወጡ። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ በርበሬ አረረባችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔና እትዬ በነጠላቸው ጫፍና በመሐረቤ አፍንጫችንን ይዘን፣ እንባችን እየወረደ፣ እየተያየን እንሥቅ ጀመር።

ጋቢውን ስናነሣው እድፉ የለም። እትዬ አገላብጠው አዩት፤ ወደ ፀሐይ ወስደው አዩት፤ ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት። ጎረቤትም ነገሩን ሳታውቅ ከማዶ ተቀበለቻቸው። የኔ ኩራት ለብቻው ሌላ ጋቢ ያስፈልገው ነበር። በብዙ ውኃ ይለቅለቅ፣ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ ብዬ አሳስቤ ወደ መምህራን ስብሰባ ሮጥሁ፤ በዚያ ዘመን ስብሰባ የሌለበት ቅዳሜ አልነበረም። እሳቸውም እሺ አሉኝ። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ የእትዬ እሺ ግን አስተማሪን ፊት ለፊት አይሆንም ማለት ነውር ስለሆነ ብቻ የተባለች ነበረች።

ይህን ያወቅሁት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እትዬን አጅቤ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ወደ ቡሬ መንገድ ከጀመረ ወዲያ ነው። ጋቢው በፌስታል ታስሮ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። እንዲያው ለወግ ያህል ለቅልቀውት በደንብ ደረቀልዎ ወይ አልኋቸው።

«የታጠነ ነገር ይለቀለቃል እንዴ፣ መምህር?» አሉኝ፤ በኔ አለማወቅ ሊሥቁ ምንም አልቀራቸውም። «ጋን አጥኖ የሚለቀልቅ ማን አለ? እንዲያው አሰጣሁትና አጠፍሁት።»

እውነታቸውን ነው፤ የታጠነ ጋን ከለቀለቁት የማጠኑ ትርጉም ምኑ ላይ ነው? ለምን እንደሚለቀለቅ ያልነገርኋቸው እኔ ነኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የተባለው እንዲህ ላለው ነው። መስኮቱን እያየሁ ማስላት ጀመርሁ። ጋቢው ትናንት ለጥቂት ሰዓት ነው የተሰጣው፤ ከዚያ ወዲህ በፌስታል ታፍኗል፤ ታፍኖ እስካለ ጋዙ የትም አይሄድም። ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ግን አንድ ሰዓት ይፍጅበት ሁለት ሰዓት፣ ያ አበባ ያደረገውን ያደርጋል። ብነግራቸው ከመንገድ እንደሚመለሱ አውቃለሁ። አልነገርኋቸውም። ከቡሬ ወርደን በኑጉ አበባ መካከል ስንጓዝ፣ እሳቸው እንደ ልጅ እየቀደሙኝ ይህ ማሳ የማን እንደሆነ፣ ያ ዋርካ ሥር ማን እንደተዳረ ሲነግሩኝ፣ እኔ ደመና እንዲመጣ እጸልይ ነበር። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር።

ወንድማቸው ረጅም፣ ከሲታ ሰው ናቸው። ሽማግሎቹና ቄሱ ደጃፍ ተደርድረው ሳለ ድንጋዩን በጫንቃቸው ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ይፈታ እስኪባል መጠበቅ ወግ ነበር። እትዬ አልጠበቁም፤ ሮጠው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱት። ወንድምዓለም፣ እታለም እየተባባሉ ሲተቃቀፉ ከሽማግሎቹ መካከል በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ያልጠረገ የለም። ከዚያ ጋቢው ከፌስታሉ ወጣ፤ ነጭ ነው፣ እንከን የለውም። እትዬ በእግራቸው ጣት ቆመው አለበሷቸው። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ድሮ ባሩድ ይቀምሙ ነበር የተባሉት፣ አየሩን አሸተት አደረጉና ይህ ጋቢ ባሩድ ባሩድ ይላል፣ ተኩሱ ከዕርቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለው ሁሉን አሣቁ። ከኔ በቀር ሁሉን።

የተጣለው ዳስ አሮጌ ነበርና ፀሐይ በቀዳዳው ይገባል፤ ከቀዳዳዎቹ አንዱ በትክክል በወንድም ግራ ትከሻ ላይ ነው። ሥጋው ቀረበ፣ ጠላው ዞረ፣ ጨዋታው ደራ። እትዬ ከጎናቸው ተቀምጠው ሰባት ዓመት የተጠራቀመ ጉርሻ ያጎርሷቸው ጀመር። እኔ ግን ከዚያች ትከሻ ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልሁም። መጀመሪያ የጥላ ያህል ነበር። ሁለተኛው ጠላ ሲቀዳ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሆነ። ሦስተኛው ሲቀዳ የእጅ መዳፍ የሚያህል እድፍ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የፈሩት ይደርሳል ነውና ከሚያስተናግዱት ሴቶች አንዷ እንስራዋን እንደያዘች ቆመች።

«አያ» አለች፣ «ትከሻዎ ይደማል እንዴ?»

በዕርቅ ቀን ደም የሚል ቃል ማንም አይወድም። ቄሱ ጉርሻቸውን መለሱ። እትዬ ዘወር ብለው አዩና ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ከዚያ ዞረው ያዩት እኔን ነው።

ተነሣሁ። ደግነቱ አጠገቤ ጠረጴዛ አልነበረም። የደም ነገር የለበትም፣ የኔ ስሕተት ነው አልሁና ከጽጌረዳው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አረቄውን፣ ሳሙናውን፣ ድኙን፣ ቅርጫቱን። ድኝ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ውኃ ሲያገኝ አሲድ እንደሚሆን፣ ያ አሲድ ቀለሙን አስሮ እንደሚይዘው፣ ነገር ግን ራሱ የማይረጋ ስለሆነ ጥሎት ሲሄድ ቀለሙ እንደሚመለስ አስረዳሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ተሳክቶልኝ አላስተማርሁም፤ አንድም ሰው አላሳለም። ባሩድ ቀማሚው ሽማግሌ እውነቱን ነው፣ የድኝ ጭስ የሴቶቹን ቀይ መቀነት ሲያነጣ በዓይኔ አይቻለሁ ብለው መሰከሩልኝ። ቄሱም አበባና አረቄ ከሆነስ ምን ርኩሰት አለበት ብለው ጉርሻቸውን መልሰው አነሡ። ሣቅ ተጀመረ። ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም፣ እሺ ያሉኝ ሰው አሉ ብዬ ልጨምር አስቤ ተውሁት።

እትዬ ግን አልሣቁም። ተነሥተው እጃቸውን ወደ ጋቢው ዘረጉ።

«አውልቅልኝ፣ ወንድምዓለም። ወስጄ አጥቤ አመጣልሃለሁ። እድፍ ላለብስህ አልመጣሁም።»

ወንድም ጋቢውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያዙት። አላወልቅም አሉ። እትዬ ለመኗቸው፤ አሁንም አላወልቅም አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞረው፣ ያለፈው አይነሣም ብላችሁ አስምላችሁኛል፣ አንዴ ልናገርና መሐላዬን አባ ይፍቱኝ አሉ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባልሽ የሞተ ጊዜ» አሉ፣ «በረዶ አዝመራዬን መትቶት ነበር። ያለችኝ አንዲት ጋቢ ተበጣጥሳ አልቃለች። ቢሆንም መጥቻለሁ። ፍኖተ ሰላም ድረስ በእግሬ መጥቼ ከቤትሽ ማዶ፣ ከአጥሩ ሥር ቁሜ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ኮቱን ለብሶ፣ ነጭ በነጭ ሁኖ ሲገባ አየሁ። ይች ሴትዮ ወንድሟ ይኸ ነው ወይ እንዳይሉሽ አፈርሁ። እዚያው ማዶ ሁኜ አልቅሼለት ተመለስሁ።» ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው እድፉን አዩት። «ያን ቀን ይችን የመሰለች እድፋም ጋቢ ብትኖረኝ፣ እገባ ነበር።»

እትዬ የዘረጉትን እጅ መለሱ። ከዚያ ሄደው ከጎናቸው ተቀመጡና የጋቢውን ጫፍ ስበው በራሳቸው ትከሻ ላይ ደረቡት።

«ለካስ ደርሰህልኝ ነበር» አሉ። እንባቸው እየወረደ ይሥቁ ነበር።